ሦስተኛው ሸንተረር

በዕፅዋት ምርምር ተቋሙ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመተላለፊያው ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አበባ ሲስል የኖረ ሰው ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ደሞዝ ክፍሎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሌላው ሁሉ «ጋሽ አጉሊ» ይለዋል። አጉሊ መነጽሩን በጥቁር ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ነው። ምሳ ሲበላ እንኳ አያወልቃትም። አንድ ቀን ሳህኑ ላይ ሲያጎነብስ መነጽሯ ሾርባው ውስጥ ገባችና የካፍቴሪያዋ አስተናጋጅ፣ «ጋሽ አጉሊ፣ የእኛ ሥጋ ካልተጎላ አይታይም ለማለት ነው?» ብላ ቤቱን በሣቅ ሞላችው።

ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ተክሉ ከጫካ እንደመጣ፣ ሳይጠወልግ፣ ቅጠሉንም ሥሩንም አበባውንም ለክቶ በእርሳስ ይነድፋል፤ ከዚያ በቀጭን ብዕር በጥቁር ቀለም ያወጣዋል። ባሕር ማዶ ያለ ተመራማሪ ያንን ሥዕል አይቶ «ይህ እከሌ የሚባለው ተክል ነው» ወይም «ይህ ገና ስም ያልወጣለት ነው» ብሎ ይፈርዳል። አዲስ የተቀጠሩ ሰዎች «በዚህ ዘመን ፎቶ እያለ ሥዕል ምን ያደርጋል?» ሲሉት አይቆጣም። «ፎቶ ያገኘውን ሁሉ ያግበሰብሳል፤ እኔ ደግሞ ያላየሁትን አልስልም» ይላቸዋል። ይህቺ አባባሉ በተቋሙ ውስጥ የታወቀች ነበረች። እሱ ግን በተናገራት ቁጥር ዓይኑን ከሰው ላይ ያነሳ ነበር። ምክንያቱም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያላየውን ስሏል።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ጀማሪ ተመራማሪ የነበረችው የዛሬዋ የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «ዶክተሯ» የሚላት፣ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ እየሮጠች ገባች። በእርጥብ ጆንያ የጠቀለለችው ጉማጅ ቅርንጫፍ ነበር። ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ኦርኪድ ተጣብቃለች። ይቺ ዓይነቷ ኦርኪድ አፈር አትነካም፤ ተራራ ላይ ባሉ ያረጁ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሥሯን ዘርግታ ከጉሙና ከዝናቡ የምትኖር ናት። ዛፉን ትቀመጥበታለች እንጂ ከዛፉ ምንም አትወስድም። አበባዋ የአውራ ጣት ጥፍር አታክልም። ነጭ ከንፈር አላት፤ ከንፈሯ ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን ሸንተረሮች።

«አንዲት አበባ ብቻ ናት የፈነዳችው» አለች ዶክተሯ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ነገ ተነገ ወዲያ ትረግፋለች። ዛሬውኑ ይሳሏት። ሲጨርሱ አልኮል ውስጥ ያስቀምጡልኝ። መኪናው እየጠበቀኝ ነው፣ ወደ ጫካው ልመለስ ነው።»

ጋሽ አጉሊ ቅጠሎቹን፣ ወፈር ያለውን ግንድና ነጫጭ ሥሮቹን ነደፈ። የከንፈሩን ውስጥ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጥሩ ብርሃን ሲያገኝ ብሎ ተወው። በመነጽሩ አንዴ ገረፍ አድርጎ አይቷል። ሁለት ሸንተረር፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ነገር። «አሁን እመለስበታለሁ» አለ። አልተመለሰበትም። ሰባት ሰዓት ላይ የጎረቤት ሴትዮ ስልክ ደወለች፤ ሚስቱ ልብስ እያሰጣች ሳለ ወድቃ ሆስፒታል ተወስዳለች። ከዚያ በፊት ምንም ሕመም አልነበረባትም፣ ጠዋት እየሣቀች ነበር የሸኘችው። በሦስተኛው ቀን አረፈች። የስድስት ዓመት ልጅ ትታለት ሄደች።

በአሥረኛው ቀን ቤቱ ሲከብደው ወደ ሥራ ተመለሰ። አበባዋ ረግፋ፣ ሳህኑ ላይ ቡናማ እድፍ ሆና ጠበቀችው። አልኮል ውስጥ የሚገባ ነገር አልቀረም። እሱ ዘንድ የቀሩት ንድፉና ያቺ አንድ አፍታ ያያት እይታ ነበሩ። መሃሉ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ነገር ምን ነበር? ሸንተረር ነው ወይስ ጥላ? ብዙ ሰዓት ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ ተቀመጠ። ከዚያ ብዕሩን አነሳና ሦስት ሸንተረር ሣለ። ሦስተኛውን ሲያወጣ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከዓመታት በኋላ እያስታወሰ የሚገርመው ይሄ ነበር።

ዶክተሯ ከጫካ ስትመለስ ሥዕሉን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ሦስት! የሚታወቀው ዓይነት እኮ ሁለት ነው ያለው! ጋሽዬ፣ ይሄ አዲስ ነው! ማንም ስም አላወጣለትም!»

እሱ አፉን ከፈተ። «ዶክተር፣ እንትን...» አለ። እሷ ግን ጥቁር ልብሱን አየችና አቀፈችው። አቅፋው አለቀሰች። እንዲህ ዓይነት ሰዓት ላይ «ኧረ ከንፈሩን በደንብ አላየሁትም» ብሎ መናገር ከየት ይመጣል? «ነገ እነግራታለሁ» አለ። በማግስቱ ተመልሳ መጣችና፣ ጉዳዩ በመጽሔት ሲወጣ ኦርኪዷ በሟች ሚስቱ ስም እንድትጠራ እንደወሰነች ነገረችው። ነገ የተባለው ቀን እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእሱ እጅ ወጣ። ኦርኪዷ በዚያ አንድ ተራራ ላይ እንጂ ሌላ የትም የለችም ተባለ። ጫካው ተከለለ፤ ዛፍ መቁረጥም ዛፍ ላይ መውጣትም ተከለከለ። አበባዋ የምትፈነዳው በዝናቡ ወር ለጥቂት ቀናት፣ ያውም ከሰው ቁመት አሥር እጥፍ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የሚያያት ሁሉ ከታች አንጋጥጦ በባይነኩላር ነው። ሸንተረር የቆጠረ አልነበረም። ልጁ አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ የሥዕሉን ቅጂ መስታወት ውስጥ አስገብታ ሳሎኗ ውስጥ ሰቀለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እናቴ ናት» ትላለች። አባትየው ለዚያ ግድግዳ ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ ለመደ።

ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው ዶክተሯ ፊቷ ጠቁሮ ክፍሉ ገባች።

«አዲስ መንገድ ሊሠራ ነው» አለች። «የመንገድ ሥራ ሰዎቹ በጫካው መሃል ሰንጥቆ እንዲያልፍ ይፈልጋሉ። ኮሚቴ ይሰበሰባል። መከራከሪያ ያለችን ኦርኪዷ ብቻ ናት። ግድግዳ የሚያህል ባለቀለም ሥዕል ይሥሩልኝ፤ የማያውቅ ሰው እንኳ ዓይኑ የሚቀርባት።»

«እንደገና ማየት አለብኝ።»

«ምን ያደርጋል? የድሮውን አስፍተው ቀለም ይጨምሩበታ።»

«ያላየሁትን አልስልም።»

«አይተዋታል እኮ፣ ጋሽ አጉሊ!»

«ዓይኔ ሳይደክም አንድ ጊዜ ልያት» አለ። ዶክተሯ የሽማግሌ አምሮት መስሏት ፈቀደች።

ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ሄዶ ጫካው ጫፍ ካለው የደን ጠባቂው ቤት ደረሰ። ጠባቂው አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። የእንግዳውን ሻንጣ ነጥቆ ወሰደና ሚስቱን ጠራ። «ነይ እዪ፣ አለቃዬን የሣሏት ሰውዬ መጡ!»

«አለቃህ ማን ናት?» አለ ጋሽ አጉሊ።

«ኦርኪዷ ናታ! ደሞዜን የምትከፍለኝ እሷ አይደለች? እኔ ድሮ መጋዝ ነበር ሥራዬ። እዚሁ ተራራ ላይ ስንቱን ዛፍ እንደገነደስኩ እግዜር ይቁጠረው። እሷ ስትገኝ ጠባቂ ይፈለጋል ተባለ፤ 'ዛፍ ቆራጭን ከመቅጠር የተሻለ ዛፍ ማስጠበቂያ የለም' ብዬ ተከራክሬ ገባሁ።» ሚስቲቱ ሻይና ዳቦ እያቀረበች ሣቀች። «ሁለቱ ሴት ልጆቻችን ከተማ ቤት ተከራይተንላቸው ይማራሉ። ሁሉም የእሷ ነው፣ ጋሼ» አለች። ጋሽ አጉሊ የጀመረውን ዳቦ አስቀምጦ ሻዩን አነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው እየመራ ይዞት ገባ። ጉሙ ዛፎቹ መሃል ተኝቷል፤ የጋሽ አጉሊ ፀጉር ረጠበ። ከመንገዳቸው ዳር ግንዱ እንደ ቤት የሰፋ ዛፍ በሰሞኑ ነፋስ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎበት፣ ቅርንጫፉ ከሌላ ዛፍ ጋር ተደግፎ በሰው ደረት ልክ ቀርቷል። በላዩ ላይ፣ ቅርንጫፉን በሸፈነው ለስላሳ ሙጭጭ ያለ የዛፍ ሽበት መሃል፣ አሥራ አራት ኦርኪዶች ነበሩ። አምስቱ አብበዋል።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንገቴ እስኪቆለመም አንጋጥጬ ነው ያየኋት» አለ ጠባቂው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ዘንድሮ ራሷ ወረደችልኝ።»

ጋሽ አጉሊ መነጽሯን ከአንገቱ ላይ አነሳ። አተነፋፈሱ ስለረበሸው ትንፋሹን ያዘ። ነጩን ከንፈር አየ። ሁለት ሸንተረር። በሁለቱ መሃል ቦይ ነበር፤ ቦዩ ውስጥ ጥላ አርፏል። ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ጥላው ወደ ግራ ሄደ። ቀጣዩን አበባ አየ። ሁለት። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን አየ። ሁሉም ላይ ሁለት ነው። በየተራራው፣ በየአገሩ የምትገኘው፣ ማንም መንገድ የማያዞርላት ኦርኪድ ናት።

«እንዴት ናት? ሥዕሉን ትመስላለች?» አለ ጠባቂው።

«ቆንጆ ናት» አለ ጋሽ አጉሊ።

«እንባዎ እኮ መጣ፣ ጋሼ። ገባኝ፤ የባለቤትዎ ስም አይደል ያለባት።»

ሦስት ቀን እየተመላለሰ ሣላት። አንዱን አበባ በመርፌ ከፍቶ ለካ። ቀለሙን ወረቀት ላይ እየሞከረ ቁጥሩን ጻፈ። እጁ የሠራው ከዕድሜው ሥራ ሁሉ የተሻለውን ሥዕል ነበር፤ ይህንንም ያውቃል። በአራተኛው ቀን ሲሰናበት የጠባቂው ሚስት ለመንገድ ዳቦ ቋጠረችለት። ተቀበላት። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ሊበላው አልቻለም፤ አጠገቡ ለተቀመጠች እናት ሰጣት።

ቢሮ እንደገባ ሥዕሉን ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ተደስታ አጎነበሰች። ጣቷን ከንፈሩ ላይ አሳረፈችና ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች።

«ተራራው ላይ የተለመደውም ዓይነት ይኖራል ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «ከእኛዋ ጎን።»

«የእኛዋ የሚባል የለም፣ ዶክተር። ያኔ ከንፈሩን በቅጡ ሳላየው ስልክ ተደወለልኝ። ስመለስ ረግፎ ነበር። ከጭንቅላቴ ነው የሣልኩት። ጥላ ነበር፤ እኔ ሸንተረር አደረግኩት።»

ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት!» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብለው ኖረው፣ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው?»

«አዎ።»

«ለእውነት ከሆነ፣ ከስብሰባው በኋላ ቢናገሩስ ምን ይሆናል? ጫካው እኮ ነው! ዛፎቹ ውሸታም አይደሉ!»

«ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኛለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ውጡልኝ» አለች ዶክተሯ። እንዲህ ተናግራው አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ ቤት ሄደ። የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ተቀምጦ፣ በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ሁሉንም ነገራት። እስክሪብቶዋን ከድና አስቀመጠች።

«ታዲያ ይሄ ማን ነው?» አለች ሥዕሉን እያየች።

«ማንም አይደለም፣ የኔ እናት። እንዲህ የሚባል አበባ የለም።»

«እኔ ልጅ ሆኜ ሲከፋኝ ለማን ነበር የማወራው?» ድምጿ ተሰበረ። «አታውቅም። ሥራ ነበርክ። ለሷ ነበር የማወራው።»

ሊነካት እጁን ዘረጋ። ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። የውሃ ቧንቧው ተከፍቶ ብዙ ቆየ። ስትወጣ ፊቷ ታጥቧል። «ዝም ብትል እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለች። ከዚያ፣ «አንተ ታውቀው ነበር፣ አይደል?» አለች። እሱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ድረስ ሸኘችው፤ ሁልጊዜ ግን እስከ ታክሲው ነበር የምትሸኘው።

ዶክተሯ አምስት ቀን አላነጋገረችውም። በመተላለፊያው ሲገናኙ ግድግዳውን ታያለች። በስድስተኛው ቀን በሩን ሳታንኳኳ ገባችና እቃ የተቆለለበትን በርጩማ ነፃ አድርጋ ተቀመጠች።

«ያቺን አበባ ጫካው ውስጥ በእጄ ይዣት ነበር» አለች። «ሩብ ሰዓት ያህል። የእኔም ኪስ ውስጥ አጉሊ መነጽር ነበር። አልቆጠርኩም። እርስዎ ሦስት ሲያሳዩኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሦስት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ስሜ ታወቀበት፣ ዕድገት አገኘሁበት።» ሁለት ገጽ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ለመጽሔቱ የተጻፈ ማስተካከያ ነው። «ሁለታችንም እንፈርማለን። እርስዎን ብቻዎን አላስጠይቅም።»

ፈረሙ። ኮሚቴው ፊትም አብረው ቀረቡ። ዶክተሯ ስለ ጫካው፣ ከሥሩ ስለሚመነጨው ውሃ፣ ስላረጁት ዛፎች አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረች። የሰብሳቢው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ «ስለዚህ ኦርኪዷ ሌላም ቦታ አለች?» ጋሽ አጉሊ «አለች» አለ። መንገዱ የጫካውን ታችኛውን ግማሽ ይዞ እንዲያልፍ ተወሰነ። የላይኛው ግማሽ ከነውሃ ምንጩ ተረፈ፤ ይህም በዶክተሯ ክርክር ነው። ጥበቃው ግን ወደ ቀበሌው ተዛወረና የጠባቂው ሥራ ታጠፈ።

ይህንን ለጠባቂው መንገር የሌላ ሰው ሥራ እንዳይሆን ብሎ ጋሽ አጉሊ ራሱ ደወለ። ጠባቂው እስከ መጨረሻው ሰማው። «ቤቴ ዳቦ እየበሉ ያውቁ ነበር?» አለ።

«ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዛፎቹ መጣል የጀመሩት እሱ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዶክተሯ ፈቃድ አውጥታ፣ ከወደቁት ቅርንጫፎች ላይ ኦርኪዶቹን እያነሱ በላይኛው ጫካ ዛፎች ላይ ለማሰር አራት ቀን ተሰጣት። ጋሽ አጉሊ ሄደ። ልጁም ሳይጠይቃት የሸራ ጫማዋን አድርጋ አውቶቡስ ተራ መጥታ ጠበቀችው። መንገዱን ሁሉ ብዙ አላወሩም። ስትተኛ ግን ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች።

ጠባቂውም መጣ። ዛፍ ላይ በገመድ መውጣት የሚችል ሌላ ሰው አልነበረማ። ሁለት ቀን ሙሉ ከዶክተሯና ከልጅቷ ጋር እያወራ፣ ለጋሽ አጉሊ ግን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ሠራ። የመጋዙ ድምፅ ከታች ይጮኻል፤ አንድ ዛፍ ሲወድቅ መሬቱ እግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ጠባቂውም በዚያች ቅጽበት እጁ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን እንዳይወድቅ የታሰረበትን ገመድ ከታች የሚይዝለት ሲያጣ ከላይ ሆኖ ወደ ታች አየ።

«እርስዎ ይያዙት» አለ። «ጠበቅ ያድርጉት ታዲያ። እንደ ሥዕልዎ አይሁን።»

ጋሽ አጉሊ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ያዘ። መዳፉ እስኪላጥ ድረስ ያዘ። እስከ አራተኛው ቀን ማታ መቶ አሥራ ስድስት ኦርኪድ አሰሩ።

ጠባቂው በመንገድ ሥራው ካምፕ የማሽን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ደሞዙ ከድሮው ያነሰ ነው። ታላቅየዋ ልጁ ትምህርቷን አቋርጣ ካምፑ አጠገብ ሻይ መሸጥ ጀመረች። ጋሽ አጉሊ ይህን የሰማው ከዶክተሯ ነው። ሰምቶም ለብዙ ቀን ከቤት አልወጣም፤ ልጁ ምግብ ይዛ እየመጣች አጠገቡ ደብተር ታርም ነበር።

በዓመቱ የዝናቡ ወር ሲቃረብ ጋሽ አጉሊ ጠባቂው ዘንድ ደወለ። የታሰሩት ኦርኪዶች ሥር ይስደዱ አይስደዱ መቁጠር እንደሚፈልግ ተናገረ። በስልኩ ውስጥ የማሽን ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ይምጡ» አለ ጠባቂው። «የት የት እንዳሰርን አሳይዎታለሁ። ግን እኔ ቤት አያድሩም።»

«እሺ» አለ ጋሽ አጉሊ።

አውቶቡሱ የሚቆምበት መንደር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። ዘጠኝ ቀን፣ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሽቅብ እየተጓዘ፣ ጠባቂው ጫካው ጫፍ ላይ እየጠበቀው፣ ዛፍ ለዛፍ ዞሩ። ሰባ አንዱ ሥር ሰደዋል። ጋሽ አጉሊ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያየ ጻፈ፤ የተጠራጠረውን ጠባቂው ወጥቶ እንዲያይለት ጠየቀ። ጠባቂውም እያጉረመረመ ወጣ።